የቤተሰብ ጉዞ ወደ ሬይኒር ተራራ

ሀ. ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቃል ተወያዩ።
1. «በረዶ»፣ «ውርጭ» እና «አመዳይ» በሚሉት ቃላት መካከል ምን ልዩነት አለ?
2. አንድ ቤተሰብ ለረዥም ጉዞ ከመነሣቱ በፊት ስለምን ስለምን መምከር ይገባዋል?

ለ. ቀጥሎ የቀረበውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ውስጥ፣ ሬይኒር የሚባል ታላቅ የእሳተ ገሞራ ተራራ ይገኛል። ከፍታው 4,392 ሜትር ስለሆነ ከራስ ደጀን በጥቂቱ ዝቅ ይላል። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ታሆማ እያሉ ይጠሩታል። ተራራውና ዙሪያው በ1899 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ። ከዚሁ ተራራ ብዙም ሳይርቁ በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሰማዩ በጠራ ቀን ነጩን የተራራ ጫፍ ከሰፈራቸው ሆነው ስለሚያዩት፣ ልጆቻቸው ወደዚያ ለመሄድ ይጓጓሉ።

እዚህ ላይ ስለ ወቅቶች አንድ ነገር መገንዘብ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ክረምት ሲባል ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወራት ነው። በዋሽንግተን ግን ክረምት ማለት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚቆየው የብርድ ወራት ነው። ጎብኚዎች በክረምት የሚሰበሰቡበት፣ ፓራዳይስ የተባለው የተራራው ክፍል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,645 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። አዲስ አበባ ከዚህ እጅግ ከፍ ብላ ሳለ አመዳይ አይወርድባትም። ፓራዳይስ ግን በየዓመቱ በአማካይ 16 ሜትር ያህል አመዳይ ይወርድበታል። የዚህ ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቦታው ከምድር ወገብ በጣም የራቀ በመሆኑ የክረምቱ ፀሐይ ደካማ ናት። ሁለተኛ፣ ከሰላማዊ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ስለሚቀዘቅዝ የተሸከመውን ውሃ አመዳይ አድርጎ ያራግፈዋል። ከ1971 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በነበረው ወቅት 28.5 ሜትር አመዳይ ወርዶ በዘመኑ በዓለም ከተመዘገበው ሁሉ በልጦ ነበር። ይህም ክብረ ወሰን ከ1998 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. በዚያው ክፍለ ግዛት በሚገኘው በቤከር ተራራ ተሻሽሏል።

ቤተሰቦች በዚህ ቦታ የሚጫወቱት ጨዋታ ልዩ ልዩ ነው። አንዳንዶች በካላማዳሪያ ወይም በፕላስቲክ መንሸራተቻ ላይ ተቀምጠው ቁልቁል ይንሸራተታሉ። አንዳንዶች በስኪ ይጓዛሉ። ሌሎች ደግሞ እግራቸው እንዳይሰምጥ ከጫማቸው ሥር ሰፊ መርገጫ አስረው በደኑ ውስጥ ይዘዋወራሉ። ይሁን እንጂ መንሸራተት የሚፈቀደው ለዚሁ ተብሎ በተከለለው ሥፍራ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚከፈተው በቂ አመዳይ ሲከመር ነው። ሰውን ሊጎዱ የሚችሉ የእንጨትና የብረት መንሸራተቻዎች ክልክል ናቸው።

እንግዲህ ወደዚህ ቦታ ለመሄድ ያሰበ አንድ ቤተሰብ እንዴት እንደሚዘጋጅ እንመልከት። ቤተሰቡ አባት፣ እናት፣ የ15 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ5 ዓመት ሴት ልጅና በዕድሜ የገፉ አያት ያሉበት ነው እንበል። ልጁ ቀኑን ሙሉ መዋል ይፈልጋል። «አባዬ፣ እስኪመሽ ካልቆየን መሄዱ ምን ዋጋ አለው?» ይላል። አመዳይ ረግጠው የማያውቁት አያት ግን ሁሉንም በጸጥታ ካዳመጡ በኋላ፣ «ልጄ፣ መሄጃውን ስትማከሩ ሰማሁ፤ መመለሻው ስንት ሰዓት ነው?» ብለው ይጠይቃሉ።

የዝግጅቱ ዋና ጉዳይ በአያት ጥያቄ ውስጥ ይገኛል። የተራራ ጉዞ የሚለካው በብርቱው ጉልበት ሳይሆን በደካማው አቅም ነው። የትንሽ ልጅ ቆዳ ከሰውነቷ ክብደት አንጻር ሲታይ ከዐዋቂ ሰው ቆዳ ስለሚሰፋ ሙቀቷን ቶሎ ታጣለች። መንቀጥቀጥ ስትጀምር፣ ጣቶቿ ሲደነዝዙ ወይም አንደበቷ ሲተሳሰር ጨዋታው ወዲያውኑ ይቋረጣል። በታኅሣሥ መጨረሻ በዚያ አገር የቀኑ ርዝመት ስምንት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ፀሐይም በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። ስለዚህ ቤተሰቡ ማለዳ በ1 ሰዓት ተነሥቶ፣ ቢበዛ በ8 ሰዓት ከተራራው መውረድ እንዲጀምር ይወስናል።

ቀጥሎ የሚታሰበው ልብስ ነው። ጥጥ ከረጠበ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ የሰውነትን ሙቀት ያሳጣል፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀትን በመጠኑ ይጠብቃል። በቤት ውስጥ ብርድን የሚከላከለው የአያት ጋቢ የጥጥ ሥራ ነውና በመኪናው ውስጥ እንጂ በአመዳዩ ላይ አይለበስም። ለእያንዳንዱ ሰው የሱፍ ሹራብ፣ ውሃ የማያስገባ ካፖርት፣ ጓንት፣ ቆብና ትርፍ ካልሲ ይዘጋጃል። አመዳይ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ዓይን እንዳይጎዳ የፀሐይ መነጽርም ያስፈልጋል። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይያዛል፤ ሻይም በፔርሙዝ ይቀዳል።

መኪናውም እንደ ሰው ዝግጅት ይሻል። ከኅዳር 1 እስከ ግንቦት 1 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ወደ ፓርኩ የሚገባ መኪና ሁሉ የጎማ ሰንሰለት የመያዝ ግዴታ አለበት። ሰንሰለቱን እንዴት እንደሚያስሩት አባትና ልጅ በግቢያቸው ውስጥ አስቀድመው ይለማመዳሉ፤ በውርጭ በደነዘዘ እጅ ትምህርት አይጀመርምና። ቤንዚን ይሞላል፤ አካፋ፣ የእጅ ባትሪና ብርድ ልብስም ይጫናል። አካፋው የሚያስፈልገው መንገድ ለመጥረግ ብቻ አይደለም። መኪናው በአመዳይ ከተያዘ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የጭስ ማውጫው ዙሪያ መጠረግ አለበት፤ አለዚያ መርዘኛው ጭስ ወደ ውስጥ ተመልሶ ሰዎቹን ሊገድላቸው ይችላል።

በመጨረሻም ቤተሰቡ በጉዞው ዋዜማና በማለዳው የአየሩንና የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቃል። ከሎንግማየር ወደ ፓራዳይስ የሚወስደው 19 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በክረምት ማታ ማታ ይዘጋል። በአንዳንድ ዓመታትም ከሳምንቱ በጥቂት ቀናት ብቻ ተከፍቷል። ከባድ አመዳይ በወረደ ማግሥት፣ በቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ የተከመረው ተንዶ ሰው ሊቀብር ስለሚችል ከተዳፋቱ ሥር መጠጋት አይገባም። መንገዱ ከተዘጋ ቤተሰቡ ዝቅ ባለው በሎንግማየር ደን ውስጥ ተዘዋውሮ ይመለሳል። ልጁ ቅር ሊለው ይችላል፤ ነገር ግን ይህ አማራጭ ከቤት ሳይወጡ በፊት አብረው የተስማሙበት በመሆኑ ክርክር አያስነሣም። አባቶች መጥኖ መደቆስ ቀድሞ ነው ያሉትም ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ነው። ተራራው በሚቀጥለውም ሳምንት በቦታው ይኖራል፤ የዝግጅቱ ዓላማ የሄዱት ሁሉ በደኅና ተመልሰው እንደገና እንዲያዩት ነው።

ሐ. የቃላት ፍች
አመዳይ፦ ከደመና የሚወርድ ነጭና ለስላሳ የበረዶ ብናኝ
ካላማዳሪያ፦ በጎማ ውስጥ የሚገባ፣ በአየር የሚነፋ ላስቲክ
ተዳፋት፦ ቁልቁል ያዘነበለ መሬት
ክብረ ወሰን፦ ከዚያ በፊት ከተመዘገበው ሁሉ የበለጠ ውጤት
ስንቅ፦ ለመንገድ የሚያዝ ምግብ

መ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. ፓራዳይስ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ ብዙ አመዳይ የሚወርድበት ለምንድን ነው?
2. የአያት ጥያቄ የቤተሰቡን ዕቅድ የለወጠው እንዴት ነው?
3. ጋቢ በአመዳይ ላይ የማይለበሰው ስለምንድን ነው?
4. አካፋ ከመንገድ መጥረግ ሌላ ምን አገልግሎት ይሰጣል?
5. መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል አስቀድሞ መስማማት ምን ጥቅም አለው?

ሠ. «ልጁ ቅር ቢለውም ከቤተሰቡ ጋር ተመለሰ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። እንደዚሁ «ቢ…ም» የሚል ግሥ ያለባቸውን አምስት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

ረ. በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ አንድ ከፍተኛ ቦታ ቤተሰባችሁ ለመሄድ አሰበ እንበል። የመመለሻውን ሰዓት፣ የልብሱንና የስንቁን ዝግጅት፣ እንዲሁም መንገዱ ቢበላሽ የምትወስዱትን አማራጭ በሦስት አንቀጾች ግለጹ።