ያልመጣ ምልክትም ምስክር ነው

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘቀዘቀች ጊዜ ጮቄ ተራራ በምሥራቁ ግርጌ ባለው አገር ላይ ጥላውን ይጥላል። በዚያ ከብት የሚጠብቅ እረኛ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ተራራውን ባያይ እንኳ፥ ብርሃኑ ከፊቱ ሲጠፋ በኋላው ታላቅ ነገር መቆሙን ያውቃል። ሊቃውንትም በምድር ሆድ ውስጥ ያለውን ነገር እንዲሁ ከጥላው አወቁት።

ምድር በተናወጠች ጊዜ ሁለት ዓይነት ሞገድ በውስጧ ይሄዳል። ቀዳሚው የሚገፋ ነው፤ ልጆች ተሰልፈው ሳሉ የኋለኛው ቢገፋ፥ ግፊቱ ከአንዱ ወደ አንዱ አልፎ እስከ ፊተኛው እንደሚደርስ ነው። ተከታዩ የሚወዘውዝ ነው፤ አንድ ጫፉ በምሰሶ የታሰረ ገመድ ሲያወዛውዙት እንደሚታየው ነው። ቀዳሚው ፈጣን ነው፥ በጠጣርም በፈሳሽም ያልፋል። ተከታዩ ግን ዝግ ይላል፥ በፈሳሽም ውስጥ ከቶ አያልፍም።

በ1953 ዓ.ም. በግንቦት ወር በካራ ቆሬ አካባቢ ምድር በጽኑ ተናወጠች፤ የማጀቴም ከተማ ፈረሰች። ካራ ቆሬ ከብቸና በስተ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። እንዲህ ካለው ርቀት ቀዳሚው ሞገድ በግማሽ ደቂቃ፥ ተከታዩም በአንድ ደቂቃ ገደማ ይደርሳል።

ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ፥ ግንቦት 14 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በደቡብ አሜሪካ በቺሌ አገር በመሣሪያ ከተለኩት ሁሉ የሚበልጥ መናወጥ ሆነ፤ ልኩም 9.5 ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ ተነሥቶ በምድር ውስጥ በቀጥታ ወደ ብቸናና ወደ ሞጣ ሊደርስ የሚችል ብርቱ ሞገድ አልነበረም። ይህ ስለ ምን ሆነ?

ምድር እንደ እንቁላል ናት። በላይ ቅርፊት፥ ከበታቹ ጠጣር ድንጋይ፥ ከ2,900 ኪሎ ሜትር ጥልቀት በኋላም አስኳል አላት። የአስኳሉ ውጫዊ ክፍል አብዛኛው የቀለጠ ብረት ነው። በውሃ የተነከረ በትር ተሰብሮ እንደሚታይ፥ ወደ አስኳሉ የገባው ቀዳሚ ሞገድም መንገዱ ይታጠፋል። የምድር ዙሪያ 360 ዲግሪ ሲሆን፥ መናወጡ ከተነሣበት ስፍራ ከ104 እስከ 140 ዲግሪ የሚርቀው አገር በጥላ ውስጥ ይቀራል። ብቸናና ሞጣ ከቺሌው ስፍራ 113 ዲግሪ ያህል ስለሚርቁ በዚሁ ጥላ ውስጥ ነበሩ። ተከታዩ ሞገድ ግን ከ104 ዲግሪ ወዲያ በቀጥታ አይመጣም፤ የአስኳሉ ፈሳሽነትም በዚህ ታወቀ።

ሆኖም በጥላው ክልል ባሉ መሣሪያዎች ላይ አንዳንድ ጊዜ ደካማ ምልክት ይታይ ነበር። ኢንጌ ሌማን የምትባል የዴንማርክ ሊቅ ይህን አልናቀችም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1929 በኒው ዚላንድ የሆነውን መናወጥ መዝገብ መርምራ፥ በ1936 በአስኳሉ ውስጥ ሌላ አስኳል እንዳለ ገለጸች። ያም ጠጣር መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ።

ልጆች ሆይ፥ መዝገብ ጠባቂው ያልመጣውን መጣ ብሎ ቢጽፍ፥ ወይም ደካማውን ምልክት ንቆ ቢፍቀው ኖሮ፥ የምድር ልብ ተሰውሮ በቀረ ነበር። እናንተም በትምህርት ቤት ሆነ በዳኛ ፊት ያያችሁትን አየን፥ ያላያችሁትን አላየንም በሉ። እውነተኛ «አላየሁም» ከሐሰተኛ «አየሁ» ይበልጣልና።