ትምህርት 17፦ አሠራርን የሚገልጽ ድርሰት

ባለፈው ትምህርት ስለ ትረካ ድርሰት ተምራችኋል። ተራኪ የሆነውን ይነግራል፤ አሠራርን የሚገልጽ ጸሐፊ ግን አንድ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራል። ተራኪ ታሪኩን ከመካከሉ ወይም ከመጨረሻው ቢጀምር አንባቢው አይጎዳም፤ እንዲያውም ልቡ ይንጠለጠላል። አሠራርን የሚገልጽ ጸሐፊ ፊተኛውን ወደ ኋላ፣ ኋለኛውን ወደ ፊት ቢያደርግ ግን አንባቢው ሊጥ ያበላሻል፣ ልብስ ያቃጥላል፣ አንዳንድ ጊዜም እጁን ያጣል። ለዚህ ትምህርት የመረጥነው ምንባብ እጅ ከሚያሳጡት ወገን ነው።

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጎፋ፣ በመካኒሳ ወይም በላፍቶ መንደሮች ስታልፉ አንድ አሮጌ ማርቼዲስ በግቢ በር ላይ ቆሞ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ አይታችሁ ይሆናል። (በነገራችን ላይ «ንፋስ ስልክ» ራሱ ጥምር ስም ነው። ሽቦ ሳይዘረጋ በአየር የሚላክ መልእክት ለሕዝቡ እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ ነገሩን ለመሰየም ሁለት የታወቁ ቃላት ተጣምረዋል። በምዕራፍ 3 ስለ ጥምር ስም ከተማራችሁት ጋር አነጻጽሩት።) ከእነዚህ መኪኖች አንዱ ደብልዩ 123 የሚባለው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 በጀርመን አገር 2.7 ሚሊዮን ያህል ተሠርቷል። በእኛ አገር የባለጸጋ መኪና ሲሆን በትውልድ አገሩ በታክሲነትም እጅግ የታወቀ ነበር። ዛሬ ዕድሜው አርባ ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆንም ባለቤቶቹ በቀላሉ አይጥሉትም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግለው በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን መጠገን የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆነ። አንዳንዱም ወጪ ለመቀነስ ሲል በራሱ ግቢ፣ በራሱ እጅ ይሠራል። የሚከተለው ምንባብ የተጻፈው ለእንደዚህ ያለ ሰው ነው።

ምንባብ፦ የፊት አሞርዛተርን ስለ መለወጥ

መካኒኮች «የእግር ሥራ» የሚሉት ስያሜ ከእውነት የራቀ አይደለም፤ የመኪና የፊት እግር ከሰው እግር ጋር ይመሳሰላል። ጎማውን የያዘው ብረት እንደ ቁርጭምጭሚት ነው። እርሱም ከላይና ከታች በሁለት የብረት ክንዶች ይያዛል። ክንዶቹ ከእርሱ ጋር የሚገናኙት ኳስና ጽዋ በመሰለ መጋጠሚያ ነው፤ የጭን አጥንት በዳሌ ማቀፊያ ውስጥ እንደሚዞር ኳሱም በጽዋው ውስጥ ይዞራል። በታችኛው ክንድና በመኪናው አካል መካከል ሞላ ታምቆ ተቀምጧል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተር የዚህ ተሸካሚ ልጓም ነው፤ በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ የሞላው ውዝዋዜ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይበርዳል።

ያረጀ አሞርዛተር ራሱን ያሳብቃል። በጎማው አናት ላይ ፓራፋንጎውን በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ጫኑና ልቀቁት። መኪናው አንድ ጊዜ ተነሥቶ ከተረጋጋ ደህና ነው፤ እንደ ጀልባ ደጋግሞ ከተወዛወዘ አሞርዛተሩ ደክሟል። በአካሉ ላይ የወረደ ዘይት ካያችሁም ፍርዱ ያው ነው።

በዚህ መኪና ላይ አሞርዛተሩ ሌላም ሥራ አለው። ጎማው ከመሬት ሲነሣ የታመቀው ሞላ የታችኛውን ክንድ ወደ ታች ይገፋዋል፤ ክንዱ ከልኩ አልፎ እንዳይወርድ የሚይዘው አሞርዛተሩ ነው። ስለዚህ የታችኛው ክንድ ከሥሩ በክሪክ ሳይደገፍ አሞርዛተሩ ከቶ አይፈታ። ቢፈታ ክንዱ በድንገት ይወርዳል፤ ሞላውም ከመቀመጫው ተስፈንጥሮ የሚያገኘውን ይመታል።

መኪናውን በደልዳላ ስፍራ አቁማችሁ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፤ የኋላ ጎማዎችንም ከፊትና ከኋላ በታኮ አስደግፉ። ደጃችሁ ኮብልስቶን ከሆነ ክሪኩ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ወፍራም ሳንቃ አድርጉ። ጎማው ገና መሬት እንደ ረገጠ አምስቱን ብሎኖች በጥቂቱ አላሉ እንጂ አትፍቱ። ከዚያ በኋላ መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ፣ በአካሉ ጠንካራ ስፍራ ሥር የብረት ማቆሚያ አስገብታችሁ፣ ክብደቱን በማቆሚያው ላይ አሳርፉ። ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ብሎኬት ይፈረከሳል፣ ክሪክም ዘይቱን ሊያፈስ ይችላል፤ ከእነዚህ በአንዱ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ።

አሁን ብሎኖቹን ፈትታችሁ ጎማውን አውጡ። ነጻ የሆነውን ክሪክ ከታችኛው ክንድ ሥር፣ ወደ ጎማው በቀረበው ጫፍ በኩል አስገቡና ክንዱ በጥቂቱ ከፍ እስኪል ድረስ አንሡት። ክንዱ በክሪኩ ላይ በእርግጥ ማረፉን በዓይናችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ፣ ኮፈኑን ከፍታችሁ በአሞርዛተሩ ጫፍ ላይ ያሉትን ዳዶዎች ፍቱ። የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ከአንድ ቀን በፊት ቢቀባ ድካም ይቀንሳል። ቀጥሎም ከክንዱ ጋር ያያዙትን የታች ብሎኖች ፈትታችሁ አሮጌውን አውጡ።

አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን አስተኝታችሁ ቁመቱንና የማሰሪያ ቀዳዳዎቹን አስተያዩ። ከሱማሌ ተራ ከተገዛ ዕቃ ጋር ወደ ቤት ተመልሶ ልዩነቱን ማየት፣ መኪናው ከተፈታ በኋላ ከማየት ይሻላል። ጎሚኒዎቹና ሮንዴላዎቹ ሲወጡ እንደ ነበሩበት ተራ ይመለሱ፤ አዲስ ጎሚኒ እያለ አሮጌውን መመለስ ስስት ነው። ከላይና ከታች ካሰራችሁ በኋላ ክሪኩን ከክንዱ ሥር በዝግታ አውርዱ፤ ጎማውን ግጠሙ፤ መኪናውን ከማቆሚያው ላይ አውርዱና ብሎኖቹን በመስቀልያ ተራ አጥብቁ። የማጥበቂያው ልክ 110 ኒውተን ሜትር ነው። በሌላው ወገንም እንዲሁ አድርጉ፤ አንዱን ብቻ መለወጥ አንድ እግሩን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ጫማ አጥልቆ እንደ መሄድ ነው።

ሞላውን ራሱንና የኳስ መጋጠሚያውን መለወጥ ግን የግቢ ሥራ አይደለም። ሞላው በልዩ መጨመቂያ ካልታሰረ አይነካም፤ የታችኛው ኳስም በመጫኛ መሣሪያ ኃይል እንጂ በመዶሻ ድብደባ በደንብ አይገባም። ይህን ለሚችለው ጋራዥ ስጡ።

ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ «አንሥታችሁ»፣ «አስገብታችሁ»፣ «ፈትታችሁ» የሚሉት ቦዝ አንቀጾች ናቸው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አይቋጭም፤ ማሰሪያ አንቀጹን ይጠብቃል። ከማሰሪያው በፊት የተፈጸመውንም ድርጊት በተራው ያስቀምጣል። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጅ በመምህርነት ሳለ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ጎማ ስለ መለወጥ ድርሰት ጽፈው ነበር። አንዱ ጎበዝ ተማሪ፣ «ጎማውን ፈትቶ መኪናውን በክሪክ ያነሣል» ሲል ጻፈ። ሰዋስዉ አንዳች እንከን የለበትም፤ ባለቤትና ማሰሪያ ይስማማሉ፣ ተሳቢዎቹም በቦታቸው ናቸው። ነገር ግን በዚህ ዐረፍተ ነገር የሚመራ ሰው መኪናው ተረከዙ ላይ ይወድቅበታል። ተማሪው ሲጠየቅ፣ «ሁለቱም ይደረጋሉ እኮ!» አለ። እርግጥ ሁለቱም ይደረጋሉ፤ ቦዝ አንቀጽ ግን የሚናገረው የትኛው እንደሚቀድምም ጭምር ነው። ማርኩን ግማሽ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነበር።

ቀጥሎ «ማላላት» እና «መፍታት» የሚሉትን ግሦች ተመልከቱ። የላላ ብሎን በቦታው አለ፤ የተፈታ ብሎን የለም። በዕለት ንግግር አንዱን በሌላው ስፍራ ብንጠቀም ማንም አይቆጣንም። በዚህ ምንባብ ግን አንደኛው መኪናው ከመነሣቱ በፊት፣ ሁለተኛው ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ነው። ተቀራራቢ ቃላት ሲያጋጥሟችሁ የትርጉማቸውን ድንበር ለዩ።

ስለ መጥበቅና መላላት ካነሣን አንድ ነገር እንጨምር። ሰዋስውም እነዚህኑ ቃላት ተውሶ «ፊደሉ ጠብቆ ይነበባል»፣ «ላልቶ ይነበባል» ይላል። «ይጠብቃል» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ አንብቡ። «ብ» ጠብቃ ስትነበብ ዘበኛው ግቢውን ይጠብቃል፤ ላልታ ስትነበብ ብሎኑ ይጠብቃል። ስለ ብሎን የሚጠብቀው ቃል ራሱ ላልቶ መነበቡ የቋንቋችን ቀልድ ይመስላል። ጽሕፈታችን ይህን ልዩነት አያሳይምና፣ አሻሚ በሆነ ስፍራ ጸሐፊው ዐረፍተ ነገሩን ለውጦ አንባቢውን ከጥርጣሬ ማውጣት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ክንዱ ተደግፎ አሞርዛተሩ ይፈታል።
ክንዱ ሳይደገፍ አሞርዛተሩ ከቶ አይፈታ።

የመጀመሪያው ተራን ይናገራል፤ የቸኮለ አንባቢ ግን «ተደግፎ» የምትለውን ዘልሎ «ይፈታል» የምትለውን ብቻ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ሁለተኛው ይከለክላል። «ሳይ» ከምትለው ቅጥያ ጋር አሉታዊው ዘንድ አንቀጽ «አይፈታ» ሲመጣ፣ አንባቢው ግማሹን ብቻ ቢያነብ እንኳ የሚቀርለት ክልከላው ነው። ማስጠንቀቂያው በምንባቡ ውስጥ የት እንደ ተቀመጠም አስተውሉ። አሞርዛተሩ ከሚፈታበት አንቀጽ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ፣ መሣሪያ ገና ሳይነሣ መጥቷል። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ሰው የሚያነበው ቁልፍ በእጁ ይዞ፣ አንድ መስመር አንብቦ አንድ ሥራ እየሠራ ነው። «ከዚህ በፊት ክንዱን መደገፍ ነበረባችሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ለእርሱ ዘግይቶ የደረሰ ነው።

«ክንዱ ይደገፋል» የሚለው ተደራጊ አንቀጽ ሌላ ጉድለት አለው፤ አድራጊውን ይደብቃል። ሁለት ሰዎች አብረው ሲሠሩ፣ አንዱ ከላይ ኮፈኑ ጋ፣ ሌላው ከታች ሆነው፣ እያንዳንዱ ጓደኛዬ ደግፎታል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ስለዚህ የአደጋ ነገር ባለበት ስፍራ ምንባቡ «አረጋግጡ» በሚል ሐሳብ አንባቢውን ራሱን ባለቤት አድርጎታል። ተደራጊ አንቀጽ አይጻፍ ማለት አይደለም፤ «ሮንዴላዎቹ በተራቸው ይመለሱ» ሲባል ማን መለሳቸው ለጤና አያሰጋም።

በመጨረሻ ስለ ባዕድ ቃላት። ክሪክ፣ ሞላ፣ ዳዶ፣ ብሎን፣ ሮንዴላ፣ ታኮ፣ ፓራፋንጎ፣ ኮፈን፣ አሞርዛተር፣ ሁሉም ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ወረራው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ቆይቶ ሲያበቃ ቃላቱ በጋራዥ ውስጥ ቀሩ፤ «ማርቼዲስ» የምንለውም የጀርመኑን ስም በኢጣልያንኛ አነባበብ ይዘን ነው። ቋንቋችን እንዳሻው አድርጎ ወርሷቸዋል። «ጎሚኒ» በኢጣልያንኛ ብዙ ቁጥር ሲሆን አማርኛ አንድ ቁጥር አድርጎ ወሰደው፤ ከዚያም «ጎሚኒዎች» ብሎ ሁለተኛ አበዛው። እነዚህን ቃላት በድርሰታችሁ ብትጠቀሙ ስሕተት አይደለም። መካኒኩ የማያውቀውን አዲስ አማርኛ ፈጥሮ ከማደናገር፣ እርሱ የሚያውቀውን ቃል ጽፎ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ጊዜ ማብራራት ይበልጣል።

መልመጃ

1. ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። አስተካክላችሁ ጻፉ፤ እንዳለ ቢሠራበት በየትኛው ቃል ላይ አደጋ እንደሚደርስ አስረዱ። «የአሞርዛተሩን ዳዶ ፈትተን ክሪኩን ከክንዱ ሥር አስገባን። ብሎኖቹን ያላላነው ጎማው ከመሬት ከተነሣ በኋላ ነበር። ታኮውን ግን አልረሳንም፤ ሥራው ካለቀ በኋላ አደረግን።»

2. «ሞላ» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ስም፣ አንድ ጊዜ ግሥ አድርጋችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አግቡት።

3. «ፈታ» ከሚለው ግሥ ተደራጊውንና አስደራጊውን አውጡ፤ እያንዳንዱንም ስለ መኪና ሥራ በሚናገር ዐረፍተ ነገር አሳዩ።

4. በቤታችሁ ወይም በሰፈራችሁ የሚሠራ፣ ተራው ከተዛባ ሰው የሚጎዳበት አንድ ሥራ ምረጡ፤ የከሰል ምድጃ ማቀጣጠል፣ የኤሌክትሪክ አምፖል መለወጥ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ሲሠራ ተመልክታችሁ በሁለት ገጽ ግለጹ። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡትና መሣሪያ ሳይነካ፣ በእጁ ምልክት ብቻ፣ መስመር በመስመር እንዲያሳያችሁ አድርጉ። እጁ በቆመበት ወይም ባመነታበት መስመር ሥር አስምራችሁ እንደ ገና ጻፉት።