«እጅ ከፍንጅ»

ፊደል ከቆጠርን በኋላ የሚጠብቀን ሥራ የምናነበውን ቃል ፍቺ ማጣራት ነው። ዛሬ «እጅ ከፍንጅ ተያዘ» የሚለውን ፈሊጥ እናጠናለን። የመረጥነውም በአቤቱታና በምስክርነት ወረቀት ላይ ስለማይጠፋ ነው።

ፍቺው፦ ሰውዬው ጥፋቱን ሲፈጽም እዚያው ተያዘ ማለት ነው። እንግሊዞችም አቻ አላቸው፤ «ሬድ ሃንድድ» ይላሉ። ቃል በቃል «እጁ እንደ ቀላ» ማለት ነው። አባባሉ ከስኮትላንድ የድሮ ሕግ የመጣ ሲሆን፣ የሟች ደም ከእጁ ሳይታጠብ ለተያዘ ሰው ይነገር ነበር።

አጠቃቀሙን በምሳሌ እንይ። አንበሳሜ ገበያ ላይ አንዱ የሰው በግ ፈትቶ ሲነዳ ቢያዝ፣ እጅ ከፍንጅ ተያዘ እንላለን። በጉ ጠፍቶ ካደረ በኋላ «ትናንት እዚያ ሲዞር አይቼዋለሁ» የተባለበት ሰውስ? እሱ ተጠረጠረ እንጂ እጅ ከፍንጅ አልተያዘም።

ታዲያ ልዩነቱ የቃል ብቻ አይምሰለን። በድሮ ጊዜ ሌባው እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ ያገሩ ሰው ተሰብስቦ በአውጫጭኝ ያጣራ ነበር። ሌባሻይ የሚባልም ነበር፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ ይለቀቅና የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማንም ሳያየው ንጹሕ ሰው የሌላውን ዕዳ ይከፍል ነበር።

በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በአንቀጽ 19፣ ነገሩን ለይቶ አስቀምጧል። ጥፋቱን ሲፈጽም፣ ለመፈጸም ሲሞክር ወይም እንደ ፈጸመ ወዲያው የተገኘ ሰው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ይባላል። ሸሽቶ በእሪታ ሲባረር የተያዘም እንደዚሁ ይቆጠራል። ጥፋቱ ከ3 ወር የማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ሕጉ ተራ ሰው እንኳ ያለ ትእዛዝ እንዲይዘው ፈቅዷል፤ ይዞ ግን ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ አለበት።

እንግዲህ በዚች አጭር ቃል ሰው ይታሰራል። ማንበብ የማይችል ሰው የተጻፈውን ሳያውቅ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። እኛ ግን አንብበን እንፈርም። በዓይናችን ካየን «አየሁ»፣ ከሰማን «ሰማሁ»፣ ከጠረጠርንም «ጠረጠርሁ» ተብሎ ይጻፍልን።

መልመጃ
1. «ተጠረጠረ» እና «እጅ ከፍንጅ ተያዘ» በምን ይለያያሉ?
2. ሌሊት እህል ከጎተራ ተሰረቀ። ጧት አንድ ሰው ደጅ እህል ተንጠባጥቦ ተገኘ። ሰውዬው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ይባላልን? ምክንያቱን ጻፉ።