ቡችላን ከሰውና ከገበያ ጋራ ስለ ማላመድ

የገበያ ቀን ነው እንበል። አንድ ገበሬ ጤፉን በአህያ ጭኖ ሲወጣ ውሻው ተከትሎት ይሄዳል። ውሻው ከተወለደ ጀምሮ ከግቢው አጥር ወጥቶ አያውቅም። ከገበያው አፍ ሲደርሱ የሰው ጩኸት፥ የተዘረጋ ጥላ፥ ሸክም ያዘለች ሴት፥ የሞተር ብስክሌት ድምፅ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል። ውሻው ደንብሮ ከአህያዋ እግር ሥር ይገባል፤ አህያዋ ጭነቷን ትጥላለች፤ አንድ ልጅ ሊይዘው እጁን ሲዘረጋ ይነክሰዋል። የፈሰሰው ጤፍ ይታፈሳል፤ የልጁ ነገር ግን እጅግ የከበደ ነው።

ይህ ውሻ በተፈጥሮው ክፉ ስለ ሆነ አልነከሰም፤ የማያውቀውን ነገር ፈርቶ ነው። ፍርሃቱም የመጣው በሕፃንነቱ ከዓለም ጋራ የሚያስተዋውቀው ሰው በማጣቱ ነው። ደግሞም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋል፤ «አምልጦኝ ነው» ወይም «እንዲህ ያደርጋል ብዬ አላሰብሁም» ማለት አያድንም። ስለዚህ የሚከተለውን ትምህርት ልብ ብላችሁ አንብቡ።

1ኛ፤ ጊዜው መቼ ነው?

ማንኛውም ገበሬ እንደሚያውቀው ዘር የሚዘራበት ወቅት አለው፤ ወቅቱ ካለፈ ግን ቢደክሙም ምርቱ አያምርም። የቡችላም ነገር እንዲሁ ነው። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው በተወለደ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ድረስ ያየውንና የሰማውን ነገር ሁሉ በቀላሉ ይላመዳል። ከዚያ በኋላ ግን አዲስ ነገር ሁሉ ጠላት መስሎ ይታየዋል።

በአሜሪካ አገር ተደርጎ በ1953 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ቡችሎቹ ከነእናቶቻቸው በረጅም አጥር ውስጥ ከሰው ርቀው አደጉ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹን በተለያየ ዕድሜ ለአንድ ሳምንት ብቻ እያወጡ ከሰው ጋራ አገናኟቸው። በ5ኛውና በ9ኛው ሳምንት መካከል የወጡት ሰውን በደንብ ለመዱ። እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሰው ያልቀረባቸው ግን እንደ ዱር አውሬ ሆነው ቀሩ።

ቡችላውን 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ አትለዩት። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋራ ሲጫወት ንክሻው ምን ያህል እንደሚያምም ይማራልና።

2ኛ፤ ሥራው እንዴት ይጀመራል?

ሀ) በቤት ውስጥ። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ቡችላውን በእርጋታ ይያዘው። ጆሮውን፥ እግሩንና አፉን ይዳብሰው። ልጆች ቁጭ ብለው ይያዙት እንጂ ጅራቱን አይጎትቱ፤ ሲበላም አይንኩት። ጎረቤት፥ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፥ ጋቢ የተከናነበ ሰው ሲመጣ ቡችላው እንዲያያቸው አድርጉ።

ለ) ከከብቶች ጋራ። ከላም፥ ከበግ፥ ከአህያና ከዶሮ ጋራ በገመድ እንደ ተያዘ አስተዋውቁት። ዝም ብሎ ሲመለከት አመስግኑት፤ ሊያባርር ሲነሣ በዝግታ መልሱት። ዶሮ ማባረር የለመደ ቡችላ ነገ በግ ያባርራል።

ሐ) በመንገድ ዳር። በገበያ ቀን ቡችላውን በቅርጫት ወይም በክንድ ይዛችሁ ከመንገዱ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አላፊ አግዳሚውን ለ10 ደቂቃ ያህል ይመልከት። ሰው ወይም የተጫነ አህያ ባለፈ ቁጥር ቁራሽ እንጀራ ወይም የበሰለ ሥጋ ስጡት። እንዲህ ሲሆን ጫጫታን ከመልካም ነገር ጋራ አያይዞ ያስበዋል።

መ) ወደ ገበያው ጠርዝ። መንገዱን ከለመደ በኋላ ከገበያው 50 እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ። ተረጋግቶ ከበላ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ 40፥ ከዚያም ወደ 30 እርምጃ ቅረቡ። አንድ ቀን ብዙ ሰዓት ከማቆየት ይልቅ ጥቂት ጥቂት ደቂቃ በብዙ ቀን ይሻላል። ወደ ገበያው መካከል ማስገባት ግን አያስፈልግም።

3ኛ፤ የፍርሃት ምልክቶች

ውሻ አፍ አውጥቶ ባይናገርም በአካሉ ይናገራል። ጅራቱን ወደ ሆዱ ከሸጎጠ፥ ጆሮውን ወደ ኋላ ካጠፈ፥ ሳይርበው ከንፈሩን ከላሰ፥ እንቅልፍ ሳይመጣበት ካዛጋ፥ ፊቱን ካዞረ ፈርቷል ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚወደውን ምግብ እንቢ ካለ ከመጠን በላይ ቀርባችኋል ማለት ነውና ወዲያው ወደ ኋላ ተመለሱ። በገመድ እየጎተታችሁ «ይልመድ» አትበሉ፤ በዱላም አትምቱት። የፈራ ቡችላ ቢመታ ገበያና ዱላ አንድ ሆነው ይታዩታል።

4ኛ፤ ስለ ክትባት

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ገዳይ ነው። መከላከያው ውሻን መከተብ ነው። ክትባቱ ብዙውን ጊዜ በ3 ወር ዕድሜ ይሰጣል፤ በዓመቱም ይደገማል። በዘመቻ ጊዜ ከዚያ ያነሱ ቡችሎችም ሊከተቡ ስለሚችሉ የእንስሳት ጤና ባለሙያውን ጠይቁ።

እንግዲህ የማላመጃው ጊዜ ከክትባቱ በፊት ስለሚጀምር «ተከትቦ ይውጣ» ብላችሁ ብትጠብቁ ወቅቱ ያልፋል። መፍትሔው ያልተከተበውን ቡችላ በክንድ ወይም በቅርጫት መያዝ፥ ባለቤቱ የማይታወቅ ውሻ ካለበት ቦታ መሬት አለማስነካት ነው። ጥሬ ሳንባና ጉበትም አትስጡት። በታረደ ከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፤ በሽታውም ከውሻው ወደ ሰው ይተላለፋል።

5ኛ፤ ሰው ቢነከስ

ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡት። የተነከሰውን ሰው በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ቅጠል ወይም ሌላ ነገር ቀብቶ መዘግየት ነፍስ ያስጠፋል። ውሻውን ማሰር ከተቻለ አትግደሉት፤ በጥንቃቄ አስራችሁ 10 ቀን ጠብቁት። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቢታመም ወይም ቢሞት ለጤና ጣቢያውና ለእንስሳት ሐኪሙ ሳትውሉ ሳታድሩ አስታውቁ። ውሻው ይታያል ተብሎ ግን የሰውየው ሕክምና አይዘግይ።

6ኛ፤ «ጠባቂነቱን አያጠፋበትምን?»

ብዙ ገበሬዎች ይህን ይጠይቃሉ። «ሰው የለመደ ውሻ ለሌባ በር ይከፍታል» ይላሉ። ነገር ግን ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደ ተባለው ቤቱንና ጌታውን ማወቅ ሰውን ሁሉ ከመፍራት የተለየ ነገር ነው። በቀን መንገደኛ ሲያልፍ ዝም ማለትን የተማረ ውሻ ሌሊት ጅብ ሲመጣ ይጮኻል። እንዲያውም ጩኸቱ ትርጉም ያገኛል፤ በሁሉ ነገር የሚጮኽን ውሻ ግን ባለቤቱ ራሱ ሰምቶ አይነሣም። በፍርሃት የሚኖር ውሻ ደግሞ በመጀመሪያ የሚነክሰው ሌባን ሳይሆን እሳት ልትጭር የመጣችውን ጎረቤት ነው።

አስቀድሞ ያደገና ሰውን የሚፈራ ውሻ ካላችሁ ወደ ገበያ አትውሰዱት። በቀን በሚንቀሳቀስበት ረጅም ገመድ ጥላና ውሃ ባለበት እሰሩት፤ ልጆችም አይቅረቡት።

ለልማት ሠራተኞች

በቀበሌያችሁ ውሻ የወለደችባቸውን ቤቶች መዝግቡ። ቡችሎቹ 3 ሳምንት ሲሞላቸው አንዱን ቤት መርጣችሁ ጎረቤቶችን ሰብስቡና ሥራውን በተግባር አሳዩ፤ ገበሬ ከሰማው ይልቅ ያየውን ያምናልና። ሕፃናትንና እናቶችን መጥራት አትርሱ። የክትባት ቀን ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋራ ተነጋግራችሁ አስቀድማችሁ አስታውቁ። በገመድ መያዝን የለመደ ውሻ ለክትባት ሲመጣ አያስቸግርም፤ ይህም የሥራችሁ አንዱ ፍሬ ነው።

ገበሬዎች ሆይ! ይህ ሁሉ ሥራ በቀን ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ የሚቆየውም 10 ሳምንት ያህል ነው። ውሻው ግን ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ በደጃችሁ ይኖራል። ዛሬ በግቢያችሁ ቡችላ ካለ ሳምንቱን ቁጠሩ፤ 14 ሳምንት ካልሞላው ወቅቱ አላለፈምና በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጀምሩ።