የ«ቀይ ገጽ» አርታዒ፦ አልፍሬድ ጆርጅ ስቲቨንስ

የሥነ ጽሑፍ አርታዒ በጋዜጣ ውስጥ ያለው ድርሻ

የሥነ ጽሑፍ አርታዒ የአንድን ጋዜጣ የግጥም፣ የአጭር ልቦለድና የሂስ ዓምዶች የሚመራ ባለሙያ ነው። ሂስ የአንድን ድርሰት ብርታትና ድክመት መርምሮ ፍርድ የሚሰጥ ጽሑፍ ነው። አርታዒው ከየአቅጣጫው የሚላከውን ረቂቅ ያነባል፤ ለኅትመት የሚበቃውን ይመርጣል፤ የመረጠውንም ያርማል። አንባቢ የሚያየው የታተመውን ብቻ ስለሆነ የዚህ ሥራ አብዛኛው ክፍል ሳይታይ ይቀራል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሥራው በአውስትራሊያ ልዩ ክብደት ነበረው። ዋናዎቹ መጽሐፍ አሳታሚዎች የሚገኙት በለንደን ነበር። ከከተማ ርቆ የሚኖር ጀማሪ ደራሲ ረቂቁን ለእነርሱ ልኮ ተቀባይነት የማግኘት ተስፋው የመነመነ ነበር። ጋዜጣ ግን በፖስታ ይደርሰው ነበር፤ እርሱም ጽሑፉን በፖስታ ይልክለት ነበር። ስለዚህ የአገሬው ድርሰት በሩ ጋዜጣ ነበር፤ በረኛው ደግሞ አርታዒው። ከእነዚህ በረኞች ሁሉ ጎልቶ የሚታየው በሲድኒ ከተማ የሠራው አልፍሬድ ጆርጅ ስቲቨንስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከማተሚያ ቤት ወደ ጋዜጣ

ስቲቨንስ በ1865 ኩዊንስላንድ ውስጥ በምትገኘው ቱዉምባ ተወለደ። ትምህርቱን እንዳቆመ የገባው ማተሚያ ቤት ነው። በዚያ ዘመን ጽሑፍ የሚታተመው ፊደል ለቃሚ የሚባለው ሠራተኛ ከብረት የተቀረጹትን ፊደላት አንድ በአንድ እየለቀመ ከደረደረ በኋላ ነበር። በዚህ ሙያ ያደገ ሰው እያንዳንዱ ትርፍ ቃል ጊዜ፣ ቦታና ወረቀት እንደሚበላ በእጁ ያውቃል። ስቲቨንስ በኋላ የደራስያንን ረቂቅ ያለ ርኅራኄ ማሳጠሩ ከዚህ ልምድ ጋር የተያያዘ ይመስላል።

ከ1888 ጀምሮ ጊምፒ በምትባለው የወርቅ ማዕድን ከተማ ጋዜጣ አዘጋጀ፤ ቀጥሎም በብሪስበንና በኬይርንስ ሠራ። በ1893 ወደ አሜሪካና ወደ ኤውሮፓ ተጓዘ። ለንደን ሳለ «ዘ ቡለቲን» ከተባለው የሲድኒ ሳምንታዊ ጋዜጣ የሥራ ጥሪ ደረሰው፤ በ1894ም ተመልሶ ሥራውን ጀመረ።

የ«ቀይ ገጽ» አመጣጥ

«ዘ ቡለቲን» በ1880 በጄ. ኤፍ. አርቺባልድና በጆን ሄይንስ የተመሠረተ ጋዜጣ ነበር። በግ ሸላቾች፣ ከብት ነጂዎችና ማዕድን ቆፋሪዎች በየጎጇቸው ያነቡት ስለነበር የገጠሬው መጽሐፍ ቅዱስ እስከ መባል ደርሷል። ጽሑፍ የሚቀበለውም ከእነዚሁ አንባቢዎቹ ነበር። ይሁን እንጂ የሚሰብከው አገራዊ ስሜት ነባሩን የአቦርጂን ሕዝብና የእስያ ስደተኞችን ያገለለ እንደነበር ሊዘነጋ አይገባም፤ የነጮች የበላይነት የጋዜጣው ግልጽ አቋም ነበር።

የጋዜጣው ሽፋን ቀላ ያለ ወረቀት ነበር። የሽፋኑ የውስጥ ገጽ በ1896 ለሥነ ጽሑፍ ተሰጠና ከወረቀቱ ቀለም የተነሣ «ቀይ ገጽ» ተባለ። ስቲቨንስ በዚህ አንድ ገጽ ላይ የመጻሕፍት ሂስ፣ የደራስያን ወሬና ክርክር አሰባስቦ አወጣ። የባሕር ማዶ ሥራዎችን ከአገሬው ጋር ጎን ለጎን ይመዝን ነበር። ለአገሬው ደራሲ በአገሩ ልጅነት ብቻ ምስጋና አይሰጥም ነበር፤ ፍርዱም አንዳንዴ እጅግ ይመር ነበር። ገጹ የተከበረው ለዚህ ነው።

አንድ ረቂቅ መጽሐፍ የሆነበት መንገድ

የአርታዒውን ሥራ ከጆሴፍ ፈርፊ ልቦለድ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ፈርፊ በበሬ የሚጎተት ጋሪ እየነዳ ዕቃ ያመላልስ የነበረ ሰው ነው። ኑሮ ሲከብደው ሼፐርተን በምትባል ከተማ በወንድሙ የብረት ማቅለጫ ተቀጠረ፤ ማታ ማታ ደግሞ ልቦለድ ይጽፍ ነበር። በ1897 ረቂቁን ለ«ዘ ቡለቲን» ላከ። ረቂቁ በእጅ የተጻፈ ሆኖ ከ1,100 ገጽ በላይ ነበር።

ስቲቨንስ ሥራው ትልቅ መሆኑን ወዲያው ተረዳ፤ እንዳለ ቢታተም ግን ገዢ እንደማያገኝ አወቀ። ስለዚህ ረቂቁ በጽሕፈት መኪና እንዲገለበጥና እንዲያጥር ጠየቀ። ፈርፊ የጽሕፈት መኪና ገዝቶ ራሱ ጻፈው፤ ሁለት ረጃጅም ምዕራፎችንም አውጥቶ በአጫጭር ተካቸው። የወጡት ምዕራፎች አልጠፉም፤ ኋላ ራሳቸውን ችለው ሁለት መጻሕፍት ሆነዋል። ልቦለዱ «ሳች ኢዝ ላይፍ» በሚል ርዕስ በ1903 ታተመ፤ ገበያው ግን ቀዝቃዛ ነበር። የአውስትራሊያ ታላቅ ልቦለድ ተብሎ የታወቀው ፈርፊ በ1912 ከሞተ በኋላ ነው።

እርማት ከልኩ የሚያልፍበት ጊዜ

ገጣሚው ጆን ሾ ኒልሰን የቀን ሠራተኛ ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሲሄድ ግጥሙን በቃሉ እየተናገረ ሌሎች ይጽፉለት ነበር። ስቲቨንስ ለብዙ ዓመታት በደብዳቤ መከረው፤ በ1919ም የመጀመሪያውን ዋና የግጥም መድበሉን አሳተመለት። ሆኖም አንዳንድ ስንኞችን በራሱ ቃላት ለውጧል። ማሳጠር የአርታዒ መብት ነው ቢባል እንኳ የገጣሚን ስንኝ በሌላ ስንኝ መተካት ግን ድንበር ማለፍ ነው። በሌላ በኩል፣ ያለ ስቲቨንስ ትጋት የኒልሰን ግጥሞች በዚያን ጊዜ መጽሐፍ ባልሆኑም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።

ከጋዜጣው ከወጣ በኋላ

ስቲቨንስ በ1906 «ዘ ቡለቲን»ን ለቀቀ። «ዘ ቡክፌሎው» የተባለውን የራሱን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ለማቋቋም ቢሞክርም ገንዘብ አጠረው። ከ1907 እስከ 1909 በኒውዚላንድ ዋና ከተማ በዌሊንግተን በአንድ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጽ (የጋዜጣውን አቋም የሚገልጽ ጽሑፍ) ሲጽፍ ቆየ። ወደ ሲድኒ ተመልሶ በ1911 መጽሔቱን እንደገና ጀመረና እየተቋረጠም ቢሆን እስከ 1925 አዘለቀው። ጥሩ አርታዒ መሆንና ጥሩ ነጋዴ መሆን በእርሱ ዘንድ አልተገናኙም፤ ኑሮው እስከ መጨረሻው ጠባብ ነበር።

በሚያዝያ 1933 በሲድኒ አረፈ። «ቀይ ገጽ» በሌሎች አርታዒያን እጅ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መውጣቱን ቀጥሏል።