ልቅሶ እንደ ድባብ፣ ልቅሶ እንደ ቃል፦ በ1977 ዓ.ም የኮረም ዘገባ መክፈቻ ላይ የቀረበ የድምፅ ትንተና

አጽሕሮተ ጽሑፍ

ይህ ጽሑፍ የድምፅ ቅንብር በፊልም መክፈቻ ላይ ድባብንና ውጥረትን የሚፈጥርበትን መንገድ፣ በ1977 ዓ.ም ከኮረም በተላለፈው የቢቢሲ ዘገባ መክፈቻ አማካይነት ይመረምራል። ዋና መከራከሪያው ለሩቁ ተመልካች ድባብ ሆኖ የሚሰማው ድምፅ ለአካባቢው ሰው ትርጉም ያለው ንግግር ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

1. መግቢያ

በፊልም መክፈቻ ላይ ተመልካቹ ባለታሪኮቹን ገና አያውቅም፤ ምን ሊሰማው እንደሚገባ አስቀድሞ የሚጠቁመው በአብዛኛው ድምፅ ነው። ሰርጂዮ ሊዮኔ እ.ኤ.አ. በ1968 በሠራው «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ዘ ዌስት» መክፈቻ፣ ባቡር የሚጠባበቁ ታጣቂዎች ዙሪያ የሚሰማው የንፋስ ወፍጮ ሲጢጥታ፣ የውኃ ጠብታና የዝንብ ጥዝጥዝታ ነው። ውጥረቱ የሚወለደው ከሙዚቃ ሳይሆን ከመጠበቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በቀረበው «አፖካሊፕስ ናው» ደግሞ ዋልተር መርች የሄሊኮፕተር ድምፅን ከጣሪያ ማራገቢያ ጋር በማዋሐድ ጦርነቱን ወደ ወታደሩ መኝታ ክፍል አስገብቶታል።

ከኢትዮጵያ ከወጡት መክፈቻዎች መካከል በዓለም ላይ ሰፊ አድማጭ ያገኘው ግን የልብ ወለድ ፊልም ሳይሆን የዜና ዘገባ ነው። የተቀረጸባት ኮረም ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ወደ ሰቆጣ የሚወስደው መንገድም ከዚያ ይነሣል። በመጠለያው ከተሰበሰቡት ብዙዎቹ ከዋግና ከላስታ ደጋማ ቀበሌዎች በእግር የመጡ ገበሬዎች ነበሩ።

2. ጽንሰ ሐሳባዊ ማዕቀፍ

ትንተናው በሁለት ጽንሰ ሐሳቦች ላይ ይመሠረታል። የመጀመሪያው ሚሼል ሺዮን እ.ኤ.አ. በ1990 ያብራራው «ተጨማሪ እሴት» ነው፤ ድምፅ ለምስል ትርጉም ይሰጠዋል፣ ተመልካቹ ግን ትርጉሙ ከምስሉ የፈለቀ ይመስለዋል። ሁለተኛው የመሪ ሸፈር «መሠረተ ድምፅ» ነው። ይህም የአንድ ስፍራ ነዋሪዎች ልብ ሳይሉት የሚኖሩበት፣ ሲጠፋ ግን ጉድለቱ የሚታወቃቸው የዘወትር ድምፅ ነው።

3. ትንተና

3.1 የንጋቱ ትዕይንት

ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም የተላለፈውን ይህን ዘገባ የቀረጸው መሐመድ አሚን፣ የተረከው ማይክል በርክ ነው። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። መክፈቻው በንጋት ብርሃን የኮረምን ሜዳና በጋቢና በነጠላ የተጠቀለለውን ሕዝብ ያሳያል። ሙዚቃ የለም። በምስሉ ላይ የማይታየው ተራኪ በዝግታና በተረጋጋ ድምፅ የሌሊቱን ብርድና የንጋቱን መምጣት ይናገራል፤ የሚታየውንም መጽሐፍ ቅዱስ ከሚተርከው ዘመን ረሃብ ጋር ያመሳስለዋል። ከትረካው ሥር የስፍራው ድምፅ ይሰማል።

የተጨማሪ እሴት አሠራር እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ድምፁ ቢዘጋ፣ ማልዶ የተሰበሰበው ነጭ ለባሽ ሕዝብ ለደጋው ተመልካች የንግሥ በዓል ለማክበር ያደረ ምእመን ሊመስለው ይችላል። ሆኖም የዚህ ዓይነቱ ንጋት መሠረተ ድምፅ የዶሮ ጩኸት፣ የደወልና የቅዳሴ ዜማ ነው። ተራኪው ንጋትን ሲያበሥር እነዚህ አለመሰማታቸው ለአካባቢው አድማጭ ራሱን የቻለ ውጥረት ይፈጥራል። ለሩቁ አድማጭ ግን ውጥረቱ የሚመጣው በተራኪው እርጋታና በሚናገረው ነገር ክብደት መካከል ካለው ርቀት ነው።

3.2 ምስሉ ሌላ ድምፅ ሲለብስ

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም በተካሄደው የ«ላይቭ ኤይድ» ኮንሰርት፣ የካናዳው ሲቢሲ ስለዚያው ረሃብ የቀረጻቸው ምስሎች «ዘ ካርስ» በተባለው ባንድ «ድራይቭ» ዘፈን ታጅበው ታይተዋል። ዘፈኑ የሁለት ሰዎችን ግንኙነት የሚመለከት እንጂ ስለ ረሃብ የተጻፈ አይደለም። ቢሆንም ከምስሎቹ ጋር ሲጣመር በዘፈኑ ውስጥ ለአንድ ሰው የቀረበው ጥያቄ ወደ ተመልካቹ ሕሊና ዞሯል። በኮረሙ መክፈቻ ከትረካው ሥር ይሰማ የነበረው የስፍራው ድምፅ እዚህ ቦታውን ለሙዚቃ ለቋል። ድባቡም ከድንጋጤ ወደ ርኅራኄ ተሸጋግሯል፤ እርዳታ ለማሰባሰብም ውጤታማ ነበር።

3.3 ያልተተረጎመው ድምፅ

በኮረሙ ዘገባ ልቅሶና የሕዝብ ጉምጉምታ ከምስሉ ጋር ሲቀርቡ ተግባራቸው ድባብ መፍጠር ነው። በዋግ ኽምራም ሆነ በአጎራባች ደጋዎች ግን ልቅሶ ቃል አልባ ጩኸት ብቻ አይደለም። አልቃሿ በሙሾ የሟቹን ስም፣ ዘመዱን፣ ሙያውንና ደግነቱን ትዘረዝራለች፤ ለቀስተኛውም ይቀበላታል። ስለዚህ ኽምጣንጋ፣ አማርኛ ወይም ትግርኛ የሚያውቅ ሰው በልቅሶ ውስጥ ማን እንደሞተና የማን ልጅ እንደነበር ሊሰማ ይችላል። ቋንቋውን የማያውቀው ኀዘንን ብቻ ይሰማል። ድምፁን ከትረካ ሥር ዝቅ አድርጎ ያለ ትርጉም ጽሑፍ ማቅረብ ቴክኒካዊ ምርጫ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ባለስሙን ሟች ስም አልባ ማድረግ ነው።

4. ማጠቃለያ

የኮረሙ መክፈቻ የድምፅ ቁጥብነት ከሙዚቃ ይልቅ ኃይል ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል፤ ዓለምንም ለእርዳታ አነሣሥቷል። ይህ ውለታው ሳይካድ፣ በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ስፍራ ያጣው የባለቤቱ ንግግር መሆኑም መታወቅ ይኖርበታል። በ2013 ዓ.ም ከተቀሰቀሰው ጦርነት በኋላ በሰቆጣና በአካባቢዋ የተጠለሉ ተፈናቃዮችን ለሚቀርጹ ባለሙያዎች ጉዳዩ የዕለት ጥያቄ ነው።

ከትንተናው ሦስት ምክረ ሐሳቦች ይመነጫሉ። አንደኛ፣ የስፍራው መሠረተ ድምፅ ከቃለ መጠይቁ ተለይቶ በንጋት፣ በቀትርና በምሽት ይቀረጽ፤ የጎደለውም ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ልቅሶ በመክፈቻ ላይ ከመዋሉ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ያዳምጠው፣ ይተርጉመው፤ የቤተሰቡም ፈቃድ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው የሰው ንግግር ከተራኪው ይልቅ ከባለታሪኩ አንደበት፣ በኽምጣንጋ ከሆነም በኽምጣንጋ፣ ከትርጉም ጽሑፍ ጋር ይሰማ። ተመልካቹ ያኔ ከኀዘኑ ጋር ያዘነውንም ሰው ያውቃል።