ከጥገና በኋላ መኪናው በትክክል ያያልን?

ባትላሜራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ ላሜራ ቀጥቃጭ ማለት ነው። እንደ ኮፈን፣ ስፖኪዮና ፓራውልት ሁሉ ወደ ጋራዦቻችን ገብቶ በዚያው ቀርቷል። ጥሩ የባትላሜራ ባለሙያ የተጨረማመተ መኪና ሲመጣለት በመዶሻ፣ በስቱኮና በቀለም አማካይነት ግጭቱ ጨርሶ ያልደረሰ አስመስሎ ይመልሰዋል። ዋነኞቹ መለኪያዎቹ ዓይኑና መዳፉ ናቸው። እጁን በተቀባው ላሜራ ላይ ሲያሳልፍ ሌላው ሰው የማያስተውለውን እብጠት ይለያል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሚጀምረው ግን ያ መዳፍ ሊደርስበት ከማይችል ቦታ ነው።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ በመንገዶቻችን ላይ የሚታየው የመኪና ዓይነት በፍጥነት እየተለወጠ ነው። ቢዋይዲን የመሳሰሉ የቻይና ሥሪቶች፣ እንዲሁም በቻይና የተመረተው የፎልክስዋገን አይዲ.4 ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ መሆናቸው ቀርቷል። ከእነዚህ መኪኖች ብዙዎቹ ከባትሪው በተጨማሪ ሌላ አዲስ ነገር ይዘው መጥተዋል። ከፊት መስታወቱ ጀርባ ካሜራ፣ ከፊት መከላከያው ወይም ከአርማው ኋላ ራዳር፣ በዙሪያው ደግሞ ትናንሽ የድምፅ ሴንሰሮች አሏቸው። ኮምፒዩተሩ እነዚህን እያነበበ ከፊት ያለውን ርቀት ይገምታል፤ አሽከርካሪው ሲዘናጋ ያስጠነቅቃል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ራሱ ፍሬን ይይዛል።

እንግዲህ ከእነዚህ አንዱ መኪና ተጋጭቶ ቢጠገንና ላሜራው እንደ ቀድሞው ቢሆን፣ ሴንሰሮቹስ እንደ ቀድሞው ያያሉን? መልሱ ያለው በሁለተኛ ደረጃ ትሪጎኖሜትሪና በሞገድ ትምህርት ውስጥ ስለሆነ አብረን እንሥራው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ይገባል። ካሊብሬሽን ማለት የአንድን መለኪያ ንባብ አስቀድሞ ከታወቀ መጠን ጋር እያገናዘቡ ማስተካከል ነው። በጎንደር ቅዳሜ ገበያ እህል የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛኑ ባዶውን ሳለ ሁለት መቶ ግራም የሚያሳይ ከሆነ፣ ሚዛኑ አልተሰበረም፤ ዜሮው ግን ተዛብቷል። ከዚያ በኋላ የሚመዝነው ሁሉ በዚያው መጠን ይሳሳታል። አደገኛው ነገር ሚዛኑ ያለ አንዳች ማመንታት መናገሩን መቀጠሉ ነው። የተዛባ ሴንሰርም እንዲሁ ነው።

ካሜራውና ታንጀንት

አንድ ካሜራ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ተተክሏል እንበል። ከፊት 50 ሜትር ርቀት ላይ የቆመ መኪና ጎማ አስፋልቱን የሚነካበትን ነጥብ ካሜራው የሚያየው ከአድማስ መስመር በታች በተወሰነ ማዕዘን ነው። የማዕዘኑ ታንጀንት 1.3 ለ50 ሲካፈል፣ ማለትም 0.026 ስለሆነ፣ ማዕዘኑ 1.49 ዲግሪ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ይህንኑ ወደ ኋላ ያሰላዋል፤ ማዕዘኑን ከምስሉ ያነባል፣ ከፍታውን ለታንጀንቱ ያካፍላል፣ ርቀቱንም ያገኛል።

አሁን የፊት መስታወቱ ተሰብሮ በሌላ ተተካ እንበል። ካሜራው ተነቅሎ ሲመለስ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ወደ ታች አዘነበለ። በዚህ ጊዜ ያ ነጥብ በምስሉ ውስጥ ወደ አድማስ የቀረበ ሆኖ ይታያል፤ የሚነበበው ማዕዘን 0.99 ዲግሪ ይሆናል። ስሌቱ ሲደገም በ50 ሜትር ላይ የቆመው መኪና በ75 ሜትር ላይ ነው የሚል ውጤት ይሰጣል። ካሜራው በተቃራኒው በግማሽ ዲግሪ ወደ ላይ ቢያጋድል 37 ሜትር ይሆናል። አንባቢ ካልኩሌተር ይዞ ቢያረጋግጠው እወዳለሁ፤ በቃል ሲነገር የተጋነነ ይመስላልና።

ስሕተቱ ይህን ያህል የጎላው ማዕዘኑ ራሱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ነው። ከ1.49 ዲግሪ ላይ ግማሽ ዲግሪ መውሰድ አንድ ሦስተኛውን እንደ መውሰድ ነው። እርግጥ ዘመናዊዎቹ ሥርዓቶች የመንገድ መስመሮችን እየተከታተሉና የሌሎች መኪኖችን ስፋት እያገናዘቡ እንዲህ ያለውን መዛባት በከፊል ያርማሉ። ነገር ግን የእርማቱ መነሻ የተሰጣቸው ዜሮ ነው።

መስታወቱም በራሱ ባሕርይ አለው። ሁለቱ ገጾቹ ፍጹም ትይዩ ከሆኑ ብርሃን ሲያልፍ ጥቂት ወደ ጎን ይገፋል እንጂ አቅጣጫውን አይለውጥም። ገጾቹ ትይዩ ካልሆኑ ግን መስታወቱ ቀጭን ፕሪዝም ይሆናል፤ ጨረሩንም በገጾቹ መካከል ባለው ማዕዘን ግማሽ ያህል ያጥፈዋል። ለአሽከርካሪው ዓይን የማይታወቅ ጉድለት ለካሜራው ይታወቀዋል። መስታወት ሲቀየር ካሜራው ባይነካ እንኳ ልኬቱ እንደገና መሠራት ያለበት ለዚህ ነው።

የራዳሩ ሚሊ ሜትሮች

የፊት ራዳሮች በብዛት የሚሠሩት በ77 ጊጋሄርዝ አካባቢ ነው። የብርሃንን ፍጥነት ለዚህ ድግግሞሽ ብናካፍል የሞገድ ርዝመቱ 3.9 ሚሊ ሜትር ሆኖ እናገኘዋለን፤ የጤፍ ሳይሆን የምስር ፍሬ ያህል ማለት ነው። ከዚህ አንድ ቁጥር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው የማዕዘን ጉዳይ ነው። ራዳሩ የሚታሰርበት የብረት መያዣ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት አለው እንበል። በግጭቱ ጊዜ አንድ ጠርዙ በ1.75 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ቢገፋ ራዳሩ በ1 ዲግሪ ይዞራል። አንድ ዲግሪ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 1.75 ሜትር ይሆናል። ከ10 ሴንቲ ሜትር እስከ 100 ሜትር አንድ ሺህ እጥፍ ስለሆነ፣ ከመከላከያው ጀርባ ያለው ሚሊ ሜትር በመንገዱ ላይ ሜትር ሆኖ ይወጣል። የአንድ ተሽከርካሪ መስመር ስፋት 3.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የስሕተቱ መጠን የመስመሩ እኩሌታ ነው። ራዳሩ ወደ ቀኝ ከዞረ፣ በገበያ ቀን ከዳባት ወጣ ብላ በቀኝ ጠርዝ የምትሄደው አህያ ለኮምፒዩተሩ በመንገዱ መካከል ትታየዋለች። መኪናው ያለ ምክንያት ፍሬን ይይዛል፤ ከኋላው ሲኖትራክ ቢኖር ውጤቱን መገመት አያዳግትም። በዚያው ቅጽበት ከፊቱ የቆመው እውነተኛ ተሽከርካሪ ወደ ግራ መስመር የሸሸ ይመስለዋል፤ ፍሬን መያዝ የሚገባው ደግሞ ለእርሱ ነበር።

ሁለተኛው የስቱኮ ጉዳይ ነው፤ ለፊዚክስ ተማሪ ይበልጥ የሚጥመው ይኸኛው ይመስለኛል። ራዳሩ የሚያየው በፕላስቲኩ መከላከያ ውስጥ አልፎ ነው። በሳሙና አረፋ ላይ ቀለማት የሚፈጠሩት ከፊተኛውና ከኋለኛው ገጽ የሚመለሱ ሞገዶች ሲደራረቡ እንደሆነ ተምረናል። መከላከያውም ለራዳሩ እንደ አረፋ ንጣፍ ነው። በፕላስቲኩ ውስጥ የሞገዱ ርዝመት በ1.5 ያህል ተካፍሎ ወደ 2.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የፕላስቲኩ ውፍረት የዚህ ግማሽ፣ ማለትም 1.3 ሚሊ ሜትር፣ ወይም የ1.3 ሙሉ ብዜት ሲሆን ከሁለቱ ገጾች የሚመለሱት ሞገዶች እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። የመጀመሪያው ሞገድ ሲንጸባረቅ ምዕራፉ ስለሚገለበጥና ሁለተኛው ስለማይገለበጥ ነው። ኃይሉ ሳይመለስ ወደ ፊት ያልፋል። መሐንዲሶች ከራዳሩ ፊት ያለውን ውፍረት የሚመርጡት ይህን አስልተው ነው። እንግዲህ በዚህ ላይ ባለሙያው 1 ሚሊ ሜትር ስቱኮ ቢጨምርበት ስሌቱ ይፈርሳል። ስቱኮው በአንድ በኩል ወፍሮ በሌላው ቢሳሳ ደግሞ ቀደም ሲል ያየነው ፕሪዝም ይሆናል። የአሉሚኒየም ብናኝ ያለበት የሚያብለጨልጭ ቀለም በተደጋጋሚ ቢቀባበት ሌላ መጋረጃ ይጨመራል። ብዙ አምራቾች ከራዳሩ ፊት ለፊት ያለው የመከላከያ ክፍል በስቱኮ እንዳይጠገን የሚከለክሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዓይን ግን የተወለወለ መከላከያ ብቻ ያያል።

ስለ ድምፅ ሴንሰሮቹ ባጭሩ ላንሣ፤ ተማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበት ነጥብ አለና። የድምፅ ፍጥነት በከፍታ ምክንያት የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ነው ብለው የሚመልሱ ብዙዎች ናቸው። ግፊቱ ሲቀንስ የአየሩ እፍጋትም አብሮ ስለሚቀንስ ሁለቱ ይጣፋሉ፤ የሚወስነው ሙቀቱ ነው። ደባርቅ ላይ በ5 ዲግሪ ሴልሺየስ ንጋት ድምፅ በሰከንድ 334 ሜትር ይጓዛል፤ መተማ ላይ በ40 ዲግሪ ቀትር 355 ሜትር። ልዩነቱ 6 በመቶ ነው። የሙቀት እርማት የማያደርግ ሴንሰር በደጋው አየር ተለክቶ ቆላ ቢወርድ 1 ሜትሩን 94 ሴንቲ ሜትር ብሎ ያነባል። ይህ በመኪና ማቆሚያ ቦታ የሚያመጣው ጉዳት ጥቂት ስለሆነ እንለፈው።

ጠፍጣፋ መሬት ፍለጋ

ልኬቱን ማስተካከል የሚቻለው በሁለት መንገድ ሲሆን፣ አንዳንዱ መኪና ሁለቱንም ይጠይቃል። የመጀመሪያው መኪናው ቆሞ የሚሠራ ነው። ከፊቱ በተወሰነ ርቀትና ከፍታ ለካሜራው ጥቁርና ነጭ ንድፍ ያለው ሰሌዳ፣ ለራዳሩ ደግሞ የብረት አንጸባራቂ ይቆማል፤ ኮምፒዩተሩም እነርሱን እያየ ዜሮውን ይማራል። ሰሌዳው መስተካከል ያለበት ግን ከመኪናው አፍንጫ ጋር ሳይሆን ከጉዞው መስመር ጋር ነው። መኪና የሚሄደው የኋላ ጎማዎቹ ወደሚገፉት አቅጣጫ ነው። ሻንሲው ጠምሞ የኋላ ጎማዎቹ ቢያጋድሉ አካሉ አንድ ወገን እያመለከተ ጉዞው ወደ ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የጎማ አላይመንት ይቀድማል፤ የሴንሰሩ ልኬት ይከተላል። ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ጠማማ ማስመሪያ ይዞ ቀጥ ያለ መስመር ለማስመር እንደ መሞከር ነው።

ወለሉ ውሃ ልክ መሆን አለበት ሲባልም ለጌጥ አይደለም። ሰሌዳው ከመኪናው በ4 ሜትር ርቀት ላይ ቢቆምና ወለሉ በዚያ ቦታ 2 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ የማዕዘን ስሕተቱ ከሩብ ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል። ዝቅ ቢልም መጠኑ ያው ነው። ይህም የቀደመውን 50 ሜትር እንደ ስሕተቱ አቅጣጫ ወደ 42 ወይም ወደ 62 ሜትር ይለውጠዋል። ለዶክትሬት ትምህርት በቆየሁበት አገር ለዚህ ሥራ ተብሎ የተስተካከለ ወለል ያላቸው ጋራዦች አይቻለሁ። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ግን በከተማዋ ውስጥ አሥር ሜትር ጠፍጣፋ መሬት ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ይረዳል። ቢሆንም መሣሪያው እጃችን ላይ አለ። ግንበኞቻችን በውሃ የተሞላ የሚያስተላልፍ ጎማ ይዘው የሁለት ማዕዘኖችን ከፍታ ያስተካክላሉ፤ በጎማው ሁለት ጫፎች ያለው ውሃ ምንጊዜም እኩል ይቆማልና። በዚህ ዘዴ፣ በቱምቢና በተወጠረ ክር አራቱ ጎማዎች የሚያርፉበትንና ሰሌዳው የሚቆምበትን ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ትክክለኛነት ማበጀት ይቻላል። ውዱ ነገር ኮምፒዩተሩና ሰሌዳው እንጂ ወለሉ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ መኪናውን እየነዱ የሚሠራ ነው። አምራቹ በወሰነው ፍጥነት፣ ግልጽ የመንገድ መስመር ባለበት፣ በጥሩ ብርሃን ለተወሰነ ጊዜ መጓዝን ይጠይቃል። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በተለይ በክረምት ጉም ለዚህ አይመችም። በአዘዞ በኩል ወጥቶ የፎገራን ሜዳ መያዝ ይሻላል፤ በዚያም ቢሆን የአስፋልቱ ነጭ ቀለም ያልደበዘዘበትን ክፍል መምረጥ ያስፈልጋል።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ደግሞ የተለየ ፈተና ያቀርባል። የመታጠፊያው ራዲየስ 50 ሜትር ቢሆን፣ ከ20 ሜትር በኋላ መንገዱ ከቀጥታው መስመር 4 ሜትር ይርቃል፤ የ20 ካሬ ለ50 እጥፍ ሲካፈል ማለት ነው። ስለዚህ በትክክል የተለካ ራዳር እንኳ ቀጥ ብሎ ሲያይ የሚያገኘው ወይ ቋጥኝ ነው ወይ ባዶ አየር። መንገዱ ወዴት እንደሚታጠፍ ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ከመሪው የማዕዘን ሴንሰርና ከመዞር መለኪያው ነው። አላይመንት ከተሠራ በኋላ የመሪው ዜሮ አብሮ ካልታረመ ራዳሩን ማስተካከሉ ብቻ አይበቃም። ለነገሩ በሊማሊሞ ላይ በማንኛውም ሴንሰር ተማምኖ የሚወርድ አሽከርካሪ እንዳይኖር እመክራለሁ።

በዳሽቦርዱ ላይ የማስጠንቀቂያ መብራት ካልበራ ሁሉ ነገር ደህና ነው የሚለው እምነት ብዙ ሰው ያሳስታል። መብራቱ ሽቦ ሲቋረጥ ወይም መዛባቱ በጣም ሲበዛ ይበራል፤ በልኩ የተዛባ ሴንሰር ግን ጤነኛ ነኝ ብሎ ሊቀጥል ይችላል። በእኔ አመለካከት፣ መሣሪያው የሌለው ጋራዥ ማድረግ የሚገባው ሥርዓቱን አጥፍቶ ይህንኑ ለባለቤቱ በጽሑፍ መስጠት ነው። ጠፍቶ እንደሆነ የሚያውቅ አሽከርካሪ እግሩን ከፍሬኑ አያርቅም። የልኬት ማስተካከያው ወጪም ለመድን ድርጅት በሚቀርበው የጥገና ዋጋ ላይ ከቀለሙና ከላሜራው ጎን ራሱን ችሎ ሊሰፍር ይገባል።

ለተማሪዎች አንድ መልመጃ ልተው። በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል 2.7 ሜትር ርቀት ያለው መኪና ከደባርቅ ድንች ጭኖ ሲመለስ የኋላው ክፍል በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አለ። ካሜራው እንደ ቀድሞው በ1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ነው እንበል፤ የሚያደርገውም እርማት የለም። በ50 ሜትር ላይ ያለው ተሽከርካሪ በስንት ሜትር ላይ ይታየዋል? ከ30 ሜትር ጥቂት ያነሰ ቁጥር ያገኘ ተማሪ፣ የጥገና መመሪያዎች ከልኬቱ በፊት የዕቃ መጫኛው ባዶ እንዲሆንና የጎማዎቹ ነፋስ እንዲስተካከል ለምን እንደሚያዝዙም አብሮ አግኝቶታል።